ደረጃ ላይ የቆመ መርዶ

እናቴ ነፋስ ሰው ይገድላል ብላ አታምንም ነበር። እኔም አላምንም ነበር። እኛ በመጣንበት አገር ነፋስ ቢበረታ ልብስ ከገመድ ላይ ይጥላል፣ ዓይን ውስጥ አቧራ ይከታል፣ በጣም ከከፋ ደግሞ ከአንድ ሰው ጣሪያ ላይ አንድ ቆርቆሮ ያነሳል። ከዚያ ይደክመዋል። ስለዚህ ታላቅ ወንድሜ ከሞዛምቢክ ጠረፍ በድምፅ መልእክት ትልቅ አውሎ ነፋስ እየመጣ ነው ተባልን ሲለን፣ ካምፓላ፣ ቡኮቶ፣ ሳሎናችን ውስጥ ተቀምጠን ሳቅን። እሱም እየሳቀ ነበር። የሱቁን ጣሪያ እንደ በግ በገመድ አስሬዋለሁ አለ። ገመዱ ከተበጠሰ ከነጣሪያው ካምፓላ እወርዳለሁና ሮሌክስ አዛችሁ ጠብቁኝ አለ። ወደ ደቡብ ከመውረዱ በፊት ከእኛ ጋር ሁለት ዓመት ሲኖር ቁርሱም ምሳውም ያ በቻፓቲ የተጠቀለለ እንቁላል ነበር።

እናቴ መልእክቱን ሦስት ጊዜ አስከፈተችኝ። ከሦስተኛው በኋላ ሳቋን አቆመችና ጣሪያ በገመድ ይታሰራል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት።

ከሁለት ቀን በኋላ ከተማዋን በቴሌቪዥን አየናት። ከላይ ነው የቀረጿት። ቤቶቹ ክዳኑ እንደተነሳ ድስት ውስጣቸው ይታያል። መንገዱ የት እንደነበር የሚታወቀው በመብራት ምሰሶዎቹ ነው፤ እነሱም ተኝተዋል። ሰዎች ጣሪያ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። እናቴ ወንበሯን አስጠግታ ሰማያዊ ጣሪያ መፈለግ ጀመረች፤ ወንድሜ የሚሠራበት ሱቅ ጣሪያው ሰማያዊ ነው ብሎን ነበር። ሰማያዊ ነገር ባየች ቁጥር አቁመው ትለኛለች። ዜና አይቆምም እላታለሁ። አንተ ስልክ ጠጋኝ አይደለህ ትለኛለች። ገበያው አጠገብ ስልክ መጠገኛ ውስጥ ነው የምሠራው፤ በእናቴ ቤት ይህ ማለት ኤሌክትሪክ የሚነካው ነገር ሁሉ ይታዘዘኛል ማለት ነው። አንድ ጊዜ ያገኘችው ሰማያዊ ጣሪያ የዕርዳታ ድንኳን ሆነ። ሌላ ጊዜ ደግሞ የተገለበጠ ጀልባ።

ለነፋሱ ስም አውጥተውለታል። ዜና አንባቢዋ ስሙን እንደ ጎረቤት ልጅ ስም ደጋግማ ትጠራዋለች። ይህ እናቴን ከጎርፉ እኩል አናደዳት። ስም የሚወጣለት ክርስትና ለሚነሳ ነው አለች። ስሙን አንድም ቀን አልጠራችውም፤ "ያ ባለጌ" ትለው ነበር። ያ ባለጌ አሁን የት ደረሰ ትለኛለች። ወደ የብስ ገብቶ አቅሙ አለቀ እላታለሁ። እሰይ ትላለች።

ወንድሜ ግን ስልክ አያነሳም። የላክንለት መልእክት ሁሉ አንዲት ግራጫ ምልክት ይዞ ቆሟል፤ ሁለት ስትሆን ደርሷል ማለት ነው። እናቴ ማንበብ ብዙም አትወድም፤ ያቺን ምልክት ማንበብ ግን በአንድ ቀን ተማረች። ጠዋት ከመታጠቧ በፊት ስልኬን ትጠይቀኛለች፣ ታያለች፣ ትመልስልኛለች። ከዚያ አዲስ መልእክት ትልካለች። እኔ ቁልፉን ተጭኜ እይዝላታለሁ፣ እሷ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ ትናገራለች። ስልክ ውስጥ የሚናገር ሰው ሁሉ መጮህ አለበት ብላ ስለምታምን ሕንጻው በሙሉ ይሰማታል። ያልደረቀ ልብስ እንዳትለብስ። ውሃውን አፍላው። ጫማህን ፈልግ።

ካምፓላ ላይም ዝናብ ነበር። የተለመደው የከሰዓት ዝናብ፣ መጥቶ ቦዳ የሚሏቸውን የኪራይ ሞተሮች ከየዛፉ ሥር ሰብስቦ የሚሄደው። እናቴ ግን ሰማዩ ሲጠቁር በረንዳ ላይ ያሉትን ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች በልብስ ማስጫ ገመድ አሰረቻቸው። የሕንጻው ዘበኛ ከታች ሆኖ አንጋጦ አይቶ፣ ወንበሮቹ ምን አጥፍተው ነው ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ።

ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የምትኖረው ጎረቤታችንም ይህን ለማየት ወጣች። ኤርትራዊት ናት። ባሏ ወደ ጁባ የጭነት መኪና ይነዳል፤ ድንበሩን ካለፈ በኋላ ለቀናት ስልኩ አይሠራም። እሷ ስለዚህ በጠፋ ስልክ የተካነች ሰው ናት። እናቴን አጽናናቻት። ባሌ ስድስት ቀን ይጠፋና ሰባተኛው ቀን በር ላይ ቆሞ ምን ሠራሽ ይለኛል፣ ስልክ ሲሞት ሰው አይሞትም አለቻት። እናቴ ይህን ወደደችው። ለሚመጣ ሰው ሁሉ ትናገረው ጀመር።

በአሥረኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ የእድራችን ሊቀመንበር ደውለው ሙየንጋ ወዳለው የመኪና መለዋወጫ ሱቃቸው እንድመጣ ጠሩኝ። የተበላሸ ስልክ አለ አሉኝ። መፍቻዎቼን ሁሉ ይዤ በቦዳ ሄድኩ።

ሱቁ ውስጥ ሦስት ሰው ነበር። ሊቀመንበሩ፣ ሐጂ የሚባሉት ልብስ ሰፊ፣ እንዲሁም ምግብ ቤት ያላቸው እትዬ። ሦስቱም የእድሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛው ላይ ለእኔ ሶዳ አስቀምጠዋል። ከፍተውታል። እኚህን ሰው ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ ለማንም ሶዳ ገዝተው አያውቁም። ጠርሙሱን አየሁ፣ እሳቸውን አየሁ። ጠጣ አሉኝ። የተበላሸው ስልክ የታለ አልኳቸው። እትዬ መጀመሪያ ጠጣ አሉኝ። ሐጂ ፊታቸውን ወደ ጎማዎቹ አዞሩ። የዚያን ጊዜ ገባኝ።

የደወለላቸው ከወንድሜ ጋር አንድ ክፍል የሚኖር ጓደኛው ነው። መርዶ በስልክ ለቤተሰብ አይነገርምና ቁጥር አፈላልጎ ለሽማግሌ ነገረ። ነገሩ እንዲህ ነበር። ነፋሱ ሌሊቱን ሲመታ ሁለቱም የሱቁ መጋዘን ውስጥ ነበሩ። ምንም አልሆኑም። ከዚያ ነፋሱ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ወንድሜ ነፋሱ አለቀ ብሎ ጣሪያውን ሊያይ ወጣ። የዚያ አገር ሰዎች ያውቁታል፤ እንዲህ ያለ ነፋስ መሃሉ ባዶ ነው። መሃሉ ሲያልፍ ሁለተኛው ግማሽ ከሌላ አቅጣጫ ይመጣል። የአገሬው ሰው ሁሉ በሩን እንደዘጋ ነበር። የወጣው ወንድሜ ብቻ ነው። የጎረቤቱ ግንብ ወደቀበት። ጓደኛው ውሃው ሲጎድል ቀበረው።

እዚያ ሱቅ ውስጥ አለቀስኩ። ስለዚያ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ቀጥሎ ለእናቴ እንዴት እንደሚነገር ምክክር ሆነ። የእናቴ ደም ግፊት ከፍተኛ ነው፤ ከመንገድ ሰምታ እንዳትወድቅ መርዶው የሚነገራት በወግ መሆን አለበት፣ በንጋት፣ ሰው ከብቧት። ዓርብ አይሆንም፤ ሐጂ ጁምዓ አላቸው። እሑድ አይሆንም፤ የእትዬ ምግብ ቤት ሰው የሚበዛበት ቀን ነው። ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተባለ። እስከዚያ ቤት ውስጥ ምንም እንዳልሰማ ሆኜ መጠበቅ የእኔ ሥራ ነው። ቅዳሜ በሩን ሳልቆልፍ እንድተወው ነገሩኝ።

የከበደው በምን ሞተ የሚባለው ነው። ሊቀመንበሩ በነፋስ ብንላት ማን ያምነናል አሉ። ለራሳቸውም ሲያወሩት እንግዳ ሆኖባቸዋል። እትዬ ደግሞ ከነፋሱ መትረፉንና በገዛ እግሩ መውጣቱን ከሰማች ይህን እያሰበች ታብዳለች አሉ። ብዙ ከተከራከሩ በኋላ ሊቀመንበሩ ወሰኑ።

"በመኪና እንበላት። መኪና ለሁሉም ሰው ይገባዋል።"

የሚናገሩት ሐጂ ሆኑ፤ ድምፃቸው ለስላሳ ነው። ሐጂ ውሸት ከብዷቸው ነበር። እሺ አሉ እንጂ አልተመቻቸውም፤ ስለዚህ እንዳይሳሳቱ ደጋግመው አጠኑት። ዓርብ ዕለት ሱፍ ለማስጠበብ የሄደ ሰው፣ ሐጂ ማሽናቸው ላይ ጎንበስ ብለው ለብቻቸው መኪና፣ መኪና ይላሉ ብሎ ለጓደኞቼ አውርቷል። እኔ አንድም ቃል አልተቃወምኩም። መናገር ሲገባኝ ቃል የሚዘገይብኝ ሰው ነኝ። ወንድሜ በዚህ ብዙ ቀልዶብኛል።

ሁለቱ ቀናት አለፉ። እንዴት እንዳለፉ በደንብ አላስታውስም። የማስታውሰው ምንም እንዳይመስል ብዬ ያለ ልክ መብላቴን ነው። እናቴ ማቶኬ የሚሉትን የአገሩን ጥሬ ሙዝ ቀቅላ በሥጋ ወጥ አቀረበች፤ ማቶኬ አልወድም። ሁለት ሳህን በላሁ። ጤነኛ ነህ ወይ አለችኝ። ዓርብ ጠዋት ደግሞ ስልኬን ጠየቀችኝ፣ ምልክቷን አየች፣ መልእክት ልላክ አለች። ቁልፉን ተጭኜ ያዝኩላት። ለወንድሜ ጮክ ብላ፣ ታናሽህ ማቶኬ መብላት ጀምሯል፣ ዓለም እየተለወጠ ነውና ቶሎ ና አለችው። ጣቴን ከስልኩ ላይ ማንሳት አቃተኝ። በቃ ጨርሻለሁ እኮ፣ ልቀቀው አለችኝ።

ቅዳሜ ማልጄ ተነሳሁ። በሩን ከፈትኩት። እናቴ ጓዳ ውስጥ ስትጸልይ ይሰማኛል። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ የደረጃ ኮቴ መስማት ጀመርኩ። ሲመጡ ሰማኋቸው። አንድ ፎቅ ወጡ። ከዚያ ኮቴው ቆመ።

የሆነውን በኋላ ከሐጂ ነው የሰማሁት። የሊቀመንበሩ ጉልበት ያማቸዋል። እኛ የምንኖረው የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ትንሽ እንረፍ አሉ። ሦስቱም እዚያው ቆሙ፤ ሁለቱ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ እትዬ ጥቁር ቀሚስና ነጠላቸውን አድርገው። አልተነጋገሩም። ሐጂ በልባቸው እያጠኑ ነበር። የቆሙት ደግሞ ልክ የኤርትራዊቷ ጎረቤታችን በር ፊት ለፊት ነው።

እሷ ከታች ውሃ ልትቀዳ ጄሪካኗን ይዛ በሩን ከፈተች።

ለሌላ አገር ሰው በጠዋት ደረጃ ላይ የቆሙ ሦስት አዛውንት የደከማቸው አዛውንት ናቸው። ለእኛ ሰው ግን ጋቢ የለበሱ ዝምተኞች በዚያ ሰዓት ደጃፍ ላይ ከቆሙ፣ ሌላ ምንም ማለት አያስፈልጋቸውም። ጄሪካኑ ከእጇ ወድቆ ደረጃውን እየተንከባለለ እስከ ታች ወረደ። ባሏ አራት ቀኑ ነበር ከጠፋ።

"መኪናው ነው?" አለቻቸው።

ሐጂ ሁለት ቀን ሙሉ ያጠኑት አንድ ቃል ነው። ቃሉን ሲሰሙ አንገታቸው በራሱ ጊዜ ተነቀነቀ። "አዎ ልጄ፣ መኪና ነው" አሉ።

ጩኸቷ ቤታችን ውስጥ ሲደርስ ያለንበት ወለል የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። እኔ ገና ስነሳ እናቴ ነጠላዋን እያጣፋች አልፋኝ ሄደች። ድሮም ለቅሶ ሲሆን ጉልበቷ የሃያ ዓመት ልጅ ጉልበት ነው። ተከትያት ስወርድ ሽማግሌዎቹን ደረጃው ላይ አገኘቻቸው። ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻቸው። አመሰገነቻቸው ደግሞ፤ አገሯ ሩቅ ለሆነ ሴት እንዲህ በወጉ መምጣታችሁ እግዜር ይስጥልን አለቻቸው። ሊቀመንበሩ አፋቸውን ከፈቱ። ዘግተውት ወደ እትዬ ተመለከቱ። እትዬ ወደ ሐጂ። ሐጂ ወደ ግድግዳው።

እናቴ ገብታ ጎረቤታችንን አቀፈቻት፤ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አደረገችላት። የሕንጻው በር ሁሉ ተከፈተ። ዘበኛው የተንከባለለውን ጄሪካን ይዞ ወጣና በአገሩ ደንብ ኪታሎ፣ ኪታሎ እያለ ለእያንዳንዳችን ኀዘኑን ገለጸ። ለእኔም ገለጸልኝ። ቆሜ ተቀበልኩት፤ ባላሰበው መንገድ ለትክክለኛው ሰው ነበር የነገረው። አከራያችን ከምድር ቤት ወንበር ማስወጣት ጀመሩ።

ኮሪደሩ ላይ ሊቀመንበሩ በሹክሹክታ አሁን ምን ይሻላል አሉኝ። እኔን ነው የጠየቁት። ሐጂ ግንባራቸውን ይዘው የሰው ባል ገደልኩ ይላሉ። እትዬ አንዴ ተላቅሰን እንጨርስና ቀስ ብለን እናስተካክለዋለን አሉ፤ ይህ እንዴት እንደሚሆን ግን እሳቸውም አያውቁም። ውስጥ ጎረቤታችን ራሷን ቀና አድርጋ የት ቦታ ነው፣ አስከሬኑስ ብላ ጠየቀች። እናቴ መልሱን ለማግኘት ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። ሊቀመንበሩ ከዚህ በላይ አልቻሉም።

"ልጄ፣ እኛ ለባልሽ አልመጣንም" አሉ።

ጎረቤታችን ለቅሶዋን አቆመች። ሁሉም አቆመ። እናቴ እጇ ጎረቤታችን ፀጉር ላይ እንዳለ ነው። ታዲያ ለማን ነው የመጣችሁት አለች። የጠየቀችው እነሱን ነው፤ ያየችው ግን እኔን ነው። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ሐጂ እንደገና አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁ፤ ምን ሊሉ እንደሆነ አውቃለሁ። መጀመሪያ አንድ ድምፅ ወጣኝ፣ ቃል ያልሆነ። ሰው ሁሉ ጠበቀኝ።

"እማዬ፣ ለእኛ ነው። መኪና አይደለም። ነፋሱ ነው።"

አልጮኸችም። እዚያው ተቀምጣ አየችኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው አለችኝ። ከሐሙስ አልኳት። ጣቶቿን አንድ፣ ሁለት ብላ አጠፈች።

"ሁለት ቀን ብቻህን?" አለችኝና ማልቀስ የጀመረችው የዚያን ጊዜ ነው።

ጎረቤታችን ከእናቴ ጭን ላይ ተነስታ፣ ፊቷ እንደረጠበ፣ በተራዋ እናቴን ያዘቻት። ሁለቱ ቦታ ተለዋወጡ እንጂ ከዚያ ወለል አልተነሱም። ስለዚህ ፍራሹ እዚያው ተነጠፈ፤ የወንድሜ ለቅሶ በእሷ ቤት ተጀመረ። አከራያችን ወንበሮቹን አንድ ጊዜ አውጥተዋልና መመለስ አላስፈለጋቸውም።

አራት ሰዓት ሲሆን ስልኳ ጮኸ። ባሏ ነው። ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ኡጋንዳ ገብቷል፤ ለራት ምን እንዳለ ሊጠይቅ ነው የደወለው። እሷ በትግርኛ ረጅም ነገር ነገረችው። ትግርኛ የማያውቅም ሰው ሁሉ ስድብ መሆኑን ተረዳ። ሐጂ ግን ስልኩን ከእጇ ተቀብለው ልጄ፣ በሕይወት መኖርህን ከራስህ አፍ ልስማ አሉት። ግራ የገባው ሰውዬ አለሁ አለ። አልሐምዱሊላህ ብለው ስልኩን መለሱላት። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የምታለቅስ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ አየኋት፤ ትስቅ ነበር። ሁለቱንም ታደርግ ነበር መሰለኝ።

ለቅሶ ደራሽ ሦስት ቀን መጣ። ከናጉሩም፣ ከሙየንጋም፣ ከከተማ ወጣ ካለ ቦታም። የሚገባው ሰው ሁሉ በምን ሞተ ይላል። በነፋስ እላለሁ። ያየኛል። በምን? ይለኛል እንደገና። ነፋሱ መሃሉ ባዶ እንደሆነ፣ ቆሞ እንደሚመለስ፣ የአገሬው ሰው እንደሚያውቀው፣ እሱ እንዳላወቀ፣ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። እየተቆራረጠ ይወጣልኛል። አንዳንዱ ሰው ምነው ትንሽ በጠበቀ ይላል። አንዳንዱ ምን አስወጣው ይላል። እትዬ የፈሩት ይህን ነበር። ይህን በሰማሁ ቁጥር እናቴን በዓይኔ እፈልጋታለሁ፤ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች፣ ዝም ትላለች።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት አንዲት የማናውቃቸው እናት መጡ። ከሩቅ መጥተዋል፤ ጫማቸው ጭቃ ነው። እንደ ሌላው ሰው ጠየቁኝ፣ እንደ ሌላው ሰው ነገርኳቸው። ነፋሱ ቆመ የሚለው ጋ ደርሼ ቃል ጠፋኝ። ሴትየዋ ጠበቁኝና፣ ከቤት ባይወጣ ኖሮ እኮ አሉ፣ ክፋት ሳይኖራቸው።

"ነፋሱ ቆመ፣ ልጄ ወጣ" አለች እናቴ ከፍራሹ ላይ። ድምፅዋ ሻክሯል፣ አልጮኸችም። "እኔም ብሆን እወጣ ነበር። እርስዎም ይወጡ ነበር።"

ሴትየዋ ትንሽ አሰቡበት። እወጣ ነበር አሉ። እናቴ ወደ ግድግዳው ፈቀቅ አለችላቸውና አጠገቧ ተቀመጡ።